ይጽዳ ወይስ እንዳለ

«ቆዪ፣ ቆዪ! ጎማው ገባ!»

አዛውንቱ ፎቶ አንሺ በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ አቀፉ፤ በቀኛቸው የተሽከርካሪ ወንበራቸውን ክንድ ጨበጡ። በረግረጉ ላይ የተዘረጋው የጣውላ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ስንጥቅ ነበረው፤ ትንሿ የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ተቀርቅራ እንቢ አለች። ልጃቸው ከኋላ ሆና ወንበሩን ወደ ራሷ አጋደለችና በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ገፍታ አሻገረችው።

«አለፍን። እግርዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ።»

«እኔ የፈራሁት ለካሜራው ነው። እግሩማ ከእንግዲህ ወዴት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

እርሷ አልሳቀችም። ድሮ እንዲህ ያለ ቀልድ ሲቀልዱ ትከሻቸውን በጥፊ መታ ታደርግና «አንተ ደግሞ!» ትላቸው ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አባቷን አንድም ቀን «አንተ» ብላ አታውቅም። ዘመድ አዝማዱ ነገሩን በደግ ተርጉሞ፣ «ልጅቱ ዕድሜ ሲያስተምራት አባቷን ማክበር ጀመረች» ይላል። ያ «እርስዎ» አክብሮት እንዳልሆነ የሚያውቁት አባትየው ብቻ ናቸው።

የውኃ አዕዋፉ ጥብቅ ስፍራ ከከተማው ዳር፣ በቄጠማና በደንገል መሐል የሚገኝ ረግረግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉልበት ያለው ሰው እንኳ ጭቃው እስከ ጉልበቱ እየዋጠው ካልሆነ በቀር አይደርስበትም ነበር። ዛሬ በእግሩ መሄድ የማይችል ሰው ጭምር እንዲገባበት መንገድ ተሠርቶለታል። የመንገዱ መደገፊያ የተቀመጠን ሰው ዓይን እንዳይጋርድ ዝቅ ብሎ ተበጅቷል፤ በየመቶ እርምጃው ለወንበር መዞሪያ የሚሆን ሰፊ ቦታ አለ። ለዚህ ቅዳሜ ደግሞ የስፍራው ኃላፊዎች «የፎቶግራፍ ቀን» ብለው አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ጠርተው፣ ካሜራ ለሌለው ካሜራ አውሰዋል። ማስታወቂያውን ያየችው ልጃቸው ናት፤ በምትሠራበት መድኃኒት ቤት መስተዋት ላይ ተለጥፎ ነበር። በስልክ «ወፍ ማንሳት ይወዳሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ በሕይወታቸው አንድም ወፍ አንስተው የማያውቁት ሰው «እንዴታ!» ብለው መለሱ።

የፈለጉት ወፍ አልነበረም። የፈለጉት የልጃቸውን ፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእውነተኛ መልኩ ማንሳት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ እግራቸውን ይዞ የሄደው ሕመም ቀኝ እጃቸውንም ነካክቶታል። እጁ ተመልሷል፤ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ከወር ወር እየባሰ ነው። ልጅቱ ደግሞ ከእናቷ ሞት ወዲህ አባቷ ካሜራ ባነሱበት ሁሉ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ለመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ እንኳ የተነሣችው ሌላ ሰው ዘንድ ሄዳ ነው። መታወቂያውን አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ረስታው ወጥታ፣ አባትየው አንስተው ብዙ አዩት። ብርሃኑ የተበላሸ፣ አገጩ የተቆረጠ፣ ምንም ሙያ የሌለው ፎቶ ነበር። ቀኑበት።

«ጋሽ አትተንፍስ!»

ከኋላቸው የክራንች ኳኳታ ተሰማና፣ አንገቱ ላይ የክንድ ርዝመት ያለው ሌንስ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰው ደረሰባቸው። አዛውንቱ በከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት በነበራቸው አርባ አንድ ዓመት በዚህ ስም የማይጠራቸው አልነበረም። ደንበኛውን አስቀምጠው፣ አገጩን በሁለት ጣት አቃንተው፣ ከካሜራው ኋላ ሆነው «አትተንፍስ!» ብለው ይጮኹ ነበርና።

«እርስዎ ራስዎ ግን ይኸው እስካሁን እየተነፈሱ ነው!» አለ ሰውየው።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር ነዋ! አሁንስ ጡረታ ወጣሁ። የሠርጌን ፎቶ ያነሱኝ፣ የጎደለች ጥርሴን የሞሉልኝ!»

«የላይኛዋን፤ በግራ በኩል» አሉ አዛውንቱ ሳያመነቱ።

«ሰማሽልኝ እህቴ? ያስታውሷታል!» ሹፌሩ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ባለቤቴ እኮ ይኸው ሠላሳ ዓመቷ፣ ‹ያ ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ የት ሄደ? እኔ ያገባሁት እርሱን ነው፣ አንተን አላውቅህም› እያለች ታሰቃየኛለች።»

አዛውንቱ ከልባቸው ሳቁ። ልጅቱም ከንፈሯ ሊፈታ ምንም አልቀረውም።

«እውነቱን ለመናገር ግን አስቀድመው ይጠይቃሉ» ሲል ሹፌሩ ቀጠለ። «መጋረጃውን ገልጠው ይወጡና፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ መዘዝ አድርገው፣ ‹ይጽዳ ወይስ እንዳለ?› ይላሉ። እኔ ‹ምኑ?› ብላቸው፣ ‹ፊትህ ነዋ!› አይሉኝም? እኔ ደግሞ ታጥቤ ነው የመጣሁት ብዬ መሐላ!»

«ሁሉንም ሰው ይጠይቁ ነበር?» አለች ልጃቸው።

«ማንን ይተዋሉ? ሕፃን ቢሆን እናቱን ይጠይቃሉ። ሕጋቸው ነበር።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አለችና ወንበሩን ገፋች።

ሹፌሩን ወደ ኋላ ትተው ወደ ወፍ መመልከቻው ጎጆ ቀጠሉ። ከበታቻቸው ውኃው በቄጠማው ሥር ይንሿሿል፤ ጎማዎቹ ጣውላ በተሻገሩ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

ሹፌሩ የተናገረው ትክክል ነበር። በዚያ ዘመን ጠቃጠቆም ሆነ ጠባሳ፣ ከፊት ቆዳ ጠቆር ያለ ነገር ሁሉ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ በሚወጣበት ፊልም፣ በኔጌቲቩ ላይ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ያንን ፈዛዛ ቦታ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ነጥብ በነጥብ ሲሞሉት፣ ታትሞ የሚወጣው ፊት ጥርት ያለ ይሆናል። በፎቶ ቤቱ ቋንቋ ይህ ሥራ «ማጽዳት» ይባል ነበር። የደንበኛው ኔጌቲቭ በሚገባበት ፖስታ ላይም ከሁለቱ ቃላት አንዱ፣ «ይጽዳ» ወይም «እንዳለ»፣ ስሕተት እንዳይፈጠር በጉልህ ይጻፋል።

ሚስታቸው ወደ ሕይወታቸው የገባችው በዚያች ጥያቄ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ልትነሣ መጣች፤ ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነሥቶ እስከ መንጋጋዋ የሚወርድ ጠቆር ያለ ምልክት ነበራት፣ አብሯት የተወለደ። ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ «ይጽዳ» አለች። አጸዱላት። ፎቶውን ስታይ ዓይኗ በራ። ከተጋቡ በኋላም፣ ባነሷት ቁጥር፣ ዳግመኛ ሳይጠይቋት አጸዱላት። ይህንን እንደ ፍቅር ይቆጥሩት ነበር፤ ሌላው ወንድ አበባ ለሚስቱ እንደሚያመጣ።

ልጃቸው ከእናቷ ጋር አንድ ዓይነት ምልክት፣ በዚያው በግራ ጉንጯ ላይ ይዛ ተወለደች። የመጀመሪያ ልደቷን ፎቶ ሲያጥቡ እጃቸው በልማድ ወደ እርሳሱ ሄደ። ትምህርት ቤት የገባችበት፣ የተመረቀችበት፣ ሁሉም ጸዳ። ሰባት ዓመት ሲሆናት አንዱን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳ፣ «አባዬ፣ ይህቺ ማን ናት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አንቺ ነሽ» አሏት። «ጸድተሽ።»

ልጅቱ ያን ዕለት ማታ ፊቷን በሳሙና ስታሽ እናቷ አገኘቻት። ይህንን አዛውንቱ ያወቁት እጅግ ዘግይተው ነው።

እናትየው በሞተች ሳምንት ልጅቱ የፎቶ ሣጥኖቹን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈቻቸው። የአርባ ዓመት ፎቶ ነበር፤ እናቷ በሠርጓ፣ እናቷ በርግዝናዋ፣ እናቷ መነጽር አድርጋ። አንዱም ላይ ያ ጉንጭ አልነበረም። «ኔጌቲቮቹስ?» ስትል ጠየቀች። እርሳሱን በአልኮል በረጠበ ጥጥ ቢያብሱት ይለቅ ነበር፤ ፊቱ ሁሉ ከሥሩ ደኅና ተቀምጧል። ነገር ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ፣ አዛውንቱ ኔጌቲቮቹን በሁለት ካርቶን ሞልተው ለቆሻሻ ጋሪ ሰጥተዋቸው ነበር። ቦታ ይይዛሉ ብለው።

ልጅቱ ከወለሉ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው። «እናቴን የት አደረጓት?» አለች። «እርስዎ» የተጀመረው ከዚያ ነው።

መመልከቻው ጎጆ ጨለምለም ያለ፣ የረጠበ እንጨት የሚሸት ክፍል ነበር። ወደ ውኃው በሚያየው ግድግዳ ላይ ጠባብ መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ለተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ የተሠራው አንዱ ብቻ ነው፣ እርሱም በግራ ጥግ። አረንጓዴ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገችው አስጎብኚ ቀድማቸው ቆማ ነበር።

«ውኃው መሐል ያለችው ግንድ ትታይዎታለች አባባ?» አለች በሹክሹክታ። «ሰማያዊዋ ዓሣ አጥማጅ ወፍ እርሷ ላይ ነው የምታርፈው። ስትመጣ ድምፅ እንዳታሰሙ። ይቅርታ፣ የመስኮቷ መደገፊያ ተሰብሯል፤ ክዳኑን አንድ ሰው በእጁ ከፍ አድርጎ መያዝ አለበት።»

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች ልጅቱ።

«ጥሩ። ስትጨርሱ እንግዳ መቀበያው ክፍል ኑ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ፎቶ ይመርጥልኛል፣ ወሩን ሙሉ ግድግዳችን ላይ ይሰቀላል» ብላ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ወጣች።

ልጅቱ ዘወትር አባቷ ካሜራ ሲይዙ ግራ ጉንጯ እንዳይታያቸው ከኋላቸው ወይም በግራቸው ትሆናለች። እዚህ ግን በግራ በኩል ግድግዳ ነው። በቀኛቸው ቆመች፤ በአንድ እጇ ክዳኑን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ውኃው አየች። ፀሐይዋ ውኃው ላይ አርፋ ወደ ላይ ትንጸባረቅ ነበር፤ ያ ከታች የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን በመስኮቷ ገብቶ የልጅቱን ግራ ጉንጭ ነካው። ጠጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አስራዋለች። ምልክቱ ከጆሮዋ ሥር እስከ መንጋጋዋ፣ ከነጥቃቅን ሥሩ፣ ወለል ብሎ ታየ።

አዛውንቱ ካሜራውን አነሡ። «አትተንፍሺ» አላሉም። ራሳቸው ግን ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እጃቸው፣ ያ የከዳቸው እጅ፣ ለአንዲት ቅጽበት ጸጥ አለላቸው። ተጫኑ።

ድምፁን ሰምታ ዞረች።

«ምን አነሱ?»

«ወፍ…» ብለው ጀመሩ። ግንዱ ላይ ወፍ አልነበረም።

«ያሳዩኝ።»

ሰጧት። በነፃ እጇ ካሜራውን ተቀብላ በጀርባው ያለችውን ትንሿን መስኮት አየች። ወደ ዓይኗ አስጠግታ ደግማ አየችው።

«እርሷን ትመስላለች» አለች በመጨረሻ፤ ለራሷ እንደምትናገር።

«እርሷው ናት! ማለዳ መስኮት ስትከፍት ልክ እንዲህ ነበረች።»

«አይደለችም። እኔ ነኝ።» ካሜራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችው። «አልጠየቁኝም።»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትዪኛለሽ ብዬ ነው።»

«አዎ። እንቢ እልዎት ነበር።»

«አላጸዳሁትም እኮ ልጄ» አሉ። «ምንም አልነካሁትም።»

«ያን ጊዜ ሳይጠይቁኝ አጠፉት። ዛሬ ደግሞ ሳይጠይቁኝ ወሰዱት» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለላቸው። «ያጥፉልኝ።»

በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ በእጃቸው ያለፈው ፊት ቁጥር የለውም፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ግን አንስተው አያውቁም ነበር። ይህንንም በሙያቸው ያውቁታል። «ቁልፉ የቱ እንደሆነ አላውቅም» ሊሉ አሰቡ፤ ሽማግሌ ነኝና ታምነኛለች ብለው። ሆኖም አስጎብኚዋ ጠዋት ካሜራውን ስታውሳቸው አሳይታቸዋለች፣ ልጃቸውም አጠገባቸው ነበረች። አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ይጥፋ?» ከሥሩም «አዎ»፣ «አይ»።

ዕቃው እንኳ ይጠይቃል።

አዎ አሉት። የጉንጩ ብርሃን ጠፋና በቦታው ከጠዋቱ ጀምሮ ያነሱት ባዶ ቄጠማ መጣ።

ካሜራውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እርሷም ክዳኑን አልለቀቀችም፤ ክንዷ እየዛለ ሲመጣ በሌላው እጇ እየደገፈች ያዘችው።

«መጣች» አለች ድንገት በሹክሹክታ።

ግንዱ ላይ ሰማያዊ ነገር ተቀምጧል፤ ምንቃሩ ለቁመቱ የረዘመ።

«ያንሱ እንጂ!»

አነሡና ተጫኑ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ወፏ ሄደች።

እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ አስጎብኚዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ የየሰዉን ፎቶ ትቀበል ነበር። ሹፌሩ ክንፉን ዘርግቶ ከውኃ የሚነሣ ሽመላ አምጥቷል፤ የላባው ዘንግ ይቆጠራል።

«ይህ ጥርሱ ስላልጎደለ ማጽዳት አያሻውም!» አለና ክራንቹን ወለሉ ላይ ደቃ። ሰዎቹ ሳቁ። «በሉ ጋሽ አትተንፍስ፣ የእርስዎን እንይ፤ ጌታው ባሉበት እኛ ምን ቤት ነን።»

የአዛውንቱ ፎቶ በኮምፒውተሩ ትልቅ መስኮት ላይ ሲወጣ ሳቁ ቀጥ አለ። ወፏ ሰማያዊ ጭጋግ ሆናለች፤ ክንፏና ጭራዋ አይለይም። ካሜራው ጥርት አድርጎ የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ በላይኛው ቀኝ ጥግ፣ የእንጨቱን ክዳን ከፍ አድርጎ የያዘ የሴት እጅ። ጣቶቹ ከድካም ነጥተዋል፤ የእጁ ጀርባ ላይ ሥሮቹ ተገትረዋል፤ በጠቋሚ ጣቷ ጫፍ ላይ የመድኃኒት ቤቱ ማኅተም ሰማያዊ ቀለም አለ።

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብርሃኑ… ብርሃኑ ግን ጥሩ ነው» አለ።

አዛውንቱ ከኋላቸው ልጃቸው የወንበሩን እጀታ ስትጨብጥ ተሰማቸው። ሌላ ፎቶ መምረጥ ይችሉ ነበር፤ ቢያንስ ቄጠማዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አርባ አንድ ዓመት የለፉበት ስማቸው ከዚህ ጭጋግ በታች ወር ሙሉ ሊሰቀል ነው።

«ይኸው ነው ፎቶዬ» አሉ።

«አይዞዎት አባባ፣ ይስተካከላል» አለች አስጎብኚዋ በደግነት። «ወፏን ትንሽ ጎላ አደርጋታለሁ። ጥጉ ላይ ደግሞ እጅ ገብቶብዎታል፤ ላጽዳልዎት? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።» የኮምፒውተሩን ቀስት ፎቶው ላይ ባለው እጅ ላይ አሳረፈችው።

«ቆዪ!»

አዛውንቱ ሲጮኹ አስጎብኚዋ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። አዛውንቱ ጎማዎቹን በገዛ እጃቸው ያዙ። ቀኙ ወደ ኋላ፣ ግራው ወደ ፊት፤ ቀኙ ሲንሸራተትባቸው እንደገና ያዙት። ማንም እንዳይረዳቸው በዓይናቸው ከለከሉ። ወንበሩ ዞሮ ከልጃቸው ፊት ለፊት እስኪሆን ድረስ ጊዜ ፈጀ።

«እጁ የእርሷ ነው» አሉ ለአስጎብኚዋ፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳያነሱ። ከዚያም ወገባቸውን አቃኑ፤ በዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጡ ለደንበኛ ሁሉ በሚናገሩበት የሥራ ድምፅ ጠየቁ።

«ይጽዳ ወይስ እንዳለ?»

ልጅቱ ፎቶውን አየች። እጇን አየች፣ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለምም። አስጎብኚዋ ቀስቱን እንደያዘች ጠበቀች። አዛውንቱም ጠበቁ፤ ሁለቱም መልስ መልስ መሆኑን፣ አንዱም ቢሆን ያለፈውን እንደማይመልስ እያወቁ።

«እንዳለ ተወው» አለች።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠረጴዛው ላይ ለየፎቶው ግርጌ የተዘጋጁ ትንንሽ ወረቀቶች ነበሩ፤ አንዱን ስበው፣ ከአስጎብኚዋ ጆሮ ላይ እርሳሷን ለምነው፣ ስሕተት እንዳይፈጠር፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቃሉን በጉልህ ጻፉት።